የእንቁጣጣሽ ሥዕልና የፊደል ትምህርት

ታናናሾቻችን ፊደልን በዜማ ከማውረድ አልፈው ወደ ንባብ እንዲሻገሩ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ምን ያህል እንደሚረዳ፥ በቤታችን ያየሁትን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው የአማርኛ ፊደል 33 ሆኖ እያንዳንዱ በሰባት ስለሚረባ፥ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ 231 ይሆናል። ይህን ሁሉ ሕፃን ልጅ በዜማ ሊያወርደው ይችላል። የስድስት ዓመት ታናሽ ወንድሜም ባለፈው ክረምት ከሀ እስከ ፐ ሲያወርድ አባታችን እጅግ ደስ ይላቸው ነበር። አንድ ቀን ማታ ግን ከፊደል ገበታው መካከል አንዲቱን በስንደዶ አመልክተው «ይህችሳ ማን ናት?» ቢሉት ዝም አለ። ከዚያም ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥቶ «በ፥ ቡ፥ ቢ፥ ባ» እያለ በጣቱ እየቈጠረ ደረሰባት። ስንደዶው ወደ ሌላ መስመር ሲዛወር ጨርሶ ጠፋው። አባታችን አልተቈጡም፤ ገበታውን መልሰው ሰቀሉት። ልጁ ግን አፈረ። በማግሥቱ ገበታውን ከአልጋ ሥር ተደብቆ አገኘሁት።

የጥንት መምህራን ይህን ችግር አልሳቱትም። ከተራው ፊደል ቀጥሎ አቡጊዳ የሚባለውን የሚያስጠኑት ስለዚህ ይመስለኛል። አ፥ ቡ፥ ጊ፥ ዳ፥ ሄ፥ ው፥ ዞ ሲባል ፊደሉም ድምፁም በየርምጃው ስለሚለወጥ፥ የለመደው ዜማ ብቻውን ተማሪውን አያደርሰውም፤ መልኩን መለየት አለበት። ከዚያ ወዲያ ነው ወደ መልእክተ ዮሐንስ፥ ቈይቶም ወደ ዳዊት የሚሻገረው። እርግጥ አቡጊዳውም ሲደጋገም በቃል መያዙ አይቀርም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ እየሣሉ መስከረም 1 ቀን ለጎረቤት ለመስጠት ይሰናዳሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጽሕፈቱን ታላቅ ይጽፍና ሕፃኑ ቀለም ብቻ ይቀባል። እኔ ነገሩን ገለበጥሁት፤ ሥዕሉን ነድፌለት ጽሕፈቱን ለእርሱ ተውሁት።

ካርቶን በትንንሹ ቈርጬ በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፍሁና ከሌሎች ጋር ደባለቅሁት። «እንቁጣጣሽ» የሚለውን ቃል ቀስ ብዬ እየጠራሁ ከክምሩ እንዲፈልግ አደረግሁ። ለቁ ቀን አመጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥለት በቁ ወገብ ላይ ያለችውን ጭረት ራሱ አያት። ሽን ሲያጣት ስን ሰጥቼው ከላይ እንዲያሰምርባት ነገርሁት፤ «ስ ቆብ ደፋች!» ብሎ ሳቀ። ጣን ሆን ብዬ አንዲት ብቻ ነበር የቈረጥሁት። ቃሉን ደጋግሞ ካለ በኋላ «እትዬ፥ ጣ አነሰችን እኮ!» አለኝ። ከዚያች ቀን በፊት አንድን ቃል በድምፁ ከፋፍሎ ሲያዳምጥ አይቼው አላውቅም።

ፊደሎቹን በዱቄት ሙጫ ከለጠፈ በኋላ ከሥራቸው በእርሳስ ገለበጣቸው። ለአደዩ ቢጫ እርድ በጥብጠን ቀባን፤ ለቅጠሉ ጎመን ጨምቀን ነበር፥ እርሱ ግን ሲደርቅ ወየበ። በማግሥቱ «አበባ» የሚለውን ሠራን። በ እግሮቿ እኩል ሲሆኑ ባ የግራ እግሯ ማጠሩን የተማረው ያን ጊዜ ነው፤ አባታችን በስንደዶ ያመለከቱትም ይህችኑ ባን ነበር። በሦስተኛው ቀን ጓጉቼ አራት ቃል ባስጠናው አለቀሰ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቀን ከአንድ ቃል አላለፍንም።

ዛሬ በየሱቁ የታተመ ሥዕል ይሸጣል። ያማረ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ጽሕፈቱን ሳያየው ስለሚያድለው ለንባብ የሚጨምርለት ነገር የለም።

ሰባት ሥዕል ሠራ። የመጨረሻውን ለአያታችን አደረገውና «እንኳን አደረሰዎ አያቲ» ብሎ ጻፈበት። ቴን በቲ መሳቱን አይቻለሁ፤ በዓሉ ደርሶ ስለ ነበረ ዝም አልሁት። አያታችን ፊደል አልቈጠሩም። ሥዕሉን ገልብጠው ይዘው «ምን ይላል ልጄ?» ቢሉት፥ ቀጥ አድርጎ አስያዛቸውና በጣቱ እየተከተለ አነበበላቸው። መጨረሻ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «አያ...ቲ» አለና ቀና ብሎ አየኝ። እርሳቸው ግን መርቀው ተቀብለው ከግድግዳው ላይ ለጠፉት።

ለመስቀል ተመልሰን ስንሄድ እርሳስ በኪሱ ይዞ ነበር። በርጩማ ላይ ወጥቶ የቲን የእግር ጭረት አዙሮ ቀለበት አደረጋት።