ስለ ዛጎል

በአያቴ አገልግል ክዳን ዙሪያ የተሰፉትን ዛጎሎች ልጅ ሳለሁ ከድንጋይ የተጠረቡ አድርጌ እቈጥራቸው ነበር። ዛጎል ግን በሙቅ ባሕር ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚኖር የቀንድ አውጣ ቤት ነው። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ይገኛል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ወደምትገኘው ደብረ ማርቆስ መድረሱ በራሱ ያስገርማል።

እንስሳው ትንሽ ሳለ ቤቱ ስስና የተጠቀለለ ነው። ሲጎለምስ የቤቱ ከንፈር ወደ ውስጥ ይታጠፍና ጥርስ ያወጣል። ያ የሚያበራው ልስላሴም በሰው እጅ የተወለወለ አይደለም፤ ከውስጥ የሚወጣ ስስ ሥጋ ከግራና ከቀኝ እንደ ጋቢ ቅርፊቱን ይሸፍንና የኖራ ዘር የሆነ ነገር እየቀባ ያሳምረዋል። እንስቲቱ ደግሞ እንቁላሏን በእግሯ ሸፍና ትጠብቃለች።

በብዙ አገር ዛጎል ገንዘብ ነበር። የጋና ገንዘብ «ሴዲ» ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። የአውሮፓ ነጋዴዎችም ከማልዲቭ ደሴቶች የመጣውን ዛጎል በመርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ እየወሰዱ ሰው ገዝተውበታል። በእኛ ገበያ የገንዘብን ሥራ የሠሩት አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ስለሆኑ ዛጎል ለጌጥ ዋለ፤ ለጥንቆላም ጭምር።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የአክስቴ ልጅ ከዓባይ በረሃ እንደተመለሰ ትኩሳት ያዘው። አክስቴ መጀመሪያ የሄደችው ዛጎል ጣይ ዘንድ ነበር፤ «ሰባት ቀን ጠብቂ» ተባለች። በአምስተኛው ቀን ልጁ ራሱን ሲስት ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስነው። ወባ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል።

ዛጎል ሲጣል በአፉ ወይም በጀርባው መውደቁን የሚወስነው የቅርፊቱ ቅርጽና የእጅ አጣጣል ነው። ይህንን ለአክስቴ ብነግራት አላመነችኝም። ስለዚህ ከአገልግሉ የተበጠሱትን ዛጎሎች ለቅሜ ሰሌን ላይ ጣልኋቸው። ያንኑ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ፤ ሦስቱም አወዳደቅ የተለያየ ሆነ። አክስቴ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣

«እስቲ አንድ ጊዜ ድገመው» አለችኝ።

ደገምሁት። አራተኛውም ሌላ ሆነ።