መጽሐፍ ስንለግስ ለማን ነው የምንለግሰው?

መግቢያ

መጽሐፍ መለገስ ማለት አንድ ሰው ወይም ድርጅት በእጁ ያለውን አለዚያም ገዝቶ ያዘጋጀውን መጽሐፍ ሌሎች እንዲያነቡት ያለ ዋጋ መስጠት ነው። ሲታይ ቀላል ነገር ነው። ሰጪው ይሰጣል፣ ተቀባዩ ያመሰግናል፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ማታ በዜና ይተላለፋል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ወሬውን የምናውቀው በዚሁ መልኩ ነው፤ እገሌ የተባለ ድርጅት ይህን ያህል መጽሐፍ ለገሰ ይባላል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ግን መጻሕፍቱ የት ደረሱ? መደርደሪያ ላይ ወጡ ወይስ በካርቶን እንደታሸጉ ቀሩ? ማንስ አነበባቸው? ይህን የሚጠይቅ ዜና ብዙም አላጋጠመኝም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ ልገሳው ጥቅም፣ መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ከገባ በኋላ ስለሚያልፍበት መንገድና እኛ ምን ማድረግ እንዳለብን የማውቀውን አቀርባለሁ።

ልገሳ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም

መጽሐፍ መስጠት ከውጭ የመጣልን ልማድ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። ድሮ ለቤተ ክርስቲያንና ለገዳም የብራና መጽሐፍ አጽፎ መስጠት ትልቅ ምግባር ነበር። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የአጻፊው ስም፣ መጽሐፉ የተሰጠበት ደብር፣ እንዲሁም መጽሐፉን የሚሰርቅ ወይም ስሙን የሚፍቅ ሰው የተወገዘ እንዲሆን የሚያስጠነቅቅ ቃል ተጽፎ ይገኛል። ይህን ልብ ብለን ካየነው ሦስት ነገር ይዟል፦ ማን ሰጠ፣ ለማን ተሰጠ፣ እንዴት ይጠበቅ። ዛሬ እኛ ካርቶን ሞልተን ስንሰጥ ከሦስቱ የመጀመሪያዋን ብቻ ነው አጥብቀን የምንይዘው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ያገኘው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስጦታ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ፊደል ከማስቆጠር ጋር በየቀበሌውና በየገበሬ ማኅበሩ ንባብ ቤቶች እንዲከፈቱ ምክንያት ሆኗል። ማንበብ የተማረ ሰው የሚያነበው ካጣ ፊደሉን መልሶ ይረሳልና ሐሳቡ ትክክል ነበር። በቅርቡ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲመረቅ መደርደሪያውን ለመሙላት ሕዝቡ መጽሐፍ እንዲለግስ ተጠርቷል። ከብራናው ዘመን እስከ አብርሆት ድረስ ስናየው ቤተ መጻሕፍት በስጦታ ቆሟል ማለት ይቻላል።

ጥያቄው ለምን አሁን?

እንደሚታወቀው በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በመጽሐፍ እጥረት ላይ አላላክክም። ነገር ግን መጽሐፍ በሌለበት ቤት የሚያድግ ልጅ፣ ቤቱ ጠባብ ሆኖ ማጥኛ ቦታ ያጣ ልጅ የት ይሂድ? ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ማለት ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መብራትና ጸጥታ ማለት ነው። መጽሐፉ ሲጨመርበት ሙሉ ይሆናል።

የመጽሐፍ ዋጋ ደግሞ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀት ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ስለሚገባ ዶላር በጨመረ ቁጥር የኅትመት ዋጋም ይጨምራል። አንድ አዲስ ልብ ወለድ ለመግዛት ተማሪ ምሳውን መተው አለበት። ወመዘክር በሕግ መሠረት በአገር ውስጥ ከሚታተሙ መጻሕፍት ቅጂ ይደርሰዋል፤ የክፍለ ከተማና የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ግን በትንሽ በጀትና በሰው ቸርነት ነው የሚኖሩት። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን በተመለከተ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውና በ2022 የታደሰው መግለጫ አገልግሎቱ በመሠረቱ ነጻ መሆን እንዳለበትና ገንዘቡም የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ያስቀምጣል። ስለዚህ ልገሳ በጀትን ይደግፋል እንጂ በጀትን አይተካም። ይህቺን ነጥብ አደራ እንያዛት።

መጽሐፉ በሩን ከገባ በኋላ

ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍል ይህ ነው። የተለገሰ መጽሐፍ በቀጥታ ከካርቶን ወደ መደርደሪያ አይሄድም። የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ከሆነ መጀመሪያ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ተቀብሎ ይመዘግበዋል። ከዚያ በማኅተም ይመታል፤ የመዝገብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በዘርፉ ይመደባል። ለምደባው ብዙ ቦታ የሚሠራበት አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያወጣው የአሥርዮሽ አከፋፈል ነው። በዚህ አከፋፈል የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ላይ ይቀመጣል። ቁጥሩ ጀርባው ላይ ይለጠፋል፤ ካታሎግ ውስጥ ይገባል፤ በመጨረሻ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ነው። አንድ ወይም ሁለት ባለሙያ ብቻ ባለበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ቀን ሺህ መጽሐፍ ቢራገፍ ምን ይሆናል? ሠራተኞቹ አንባቢ ያስተናግዱ ወይስ መጽሐፍ ይመዝግቡ? በአንድ የወረዳ ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ ተደርድረው ያየኋቸው ካርቶኖች የዚህ ውጤት ናቸው። ላያቸው ላይ የለጋሹ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ፕላስተራቸው ግን አልተነሳም። ከእነሱ ሁለት ሜትር እልፍ ብሎ አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለአራት የሚያነቡ ተማሪዎች ተቀምጠው ነበር። ካርቶኑ ውስጥ የሚፈልጉት መጽሐፍ ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም።

ሌላም ችግር አለ። አንድ መጽሐፍ በሞዴል 19 ከገባ በኋላ የመንግሥት ንብረት ነው። የማይጠቅም ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሠራተኛዋ ተነስታ ልትጥለው አትችልም፤ የንብረት አወጋገድ ሥርዓቱን መከተል አለበት፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ዝርዝር ይወጣል፣ ፊርማ ይሰበሰባል። በዚህ ምክንያት የማይረባ መጽሐፍ ያለ ምንም አንባቢ ለዓመታት ቦታ ይይዛል። ስለዚህ "የማይጠቅም ከሆነ እነሱ ይጣሉት" ብሎ መስጠት ለሠራተኛዋ ሥራ፣ ለቤቱ ሸክም መጨመር ነው።

የማይለገስ የትኛው ነው?

አንደኛ፣ ጊዜው ያለፈበት መማሪያ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ወደ ትምህርት ቤቶች ገብቷል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀርቷል። እንዲህ ከሆነ "ለ10ኛ ክፍል ማትሪክ" ተብሎ የተዘጋጀ አጋዥ መጽሐፍ ዛሬ ለማን ይሆናል? የድሮ የሒሳብ መጽሐፍ ለመለማመጃ ሊጠቅም ይችላል፤ ምዕራፎቹ ከአሁኑ ጋር አይገጥሙም እንጂ ስሌቱ ያው ስሌት ነው። የኮምፒውተር፣ የሕክምናና የሕግ መጽሐፍ ግን ሲያረጅ ጉዳቱ ይብሳል። በተሻረ አዋጅ ላይ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ የሚያጠና ሰው ከማያነብ ሰው የባሰ ይሳሳታል።

ሁለተኛ፣ የተጎዳ መጽሐፍ ነው። ገጹ የጎደለ፣ ሻጋታ የያዘ፣ ምስጥ የጀመረው መጽሐፍ አይሰጥም። ሻጋታና ምስጥ ደግሞ ብቻቸውን አይቀመጡም፤ ጎረቤቱንም ይበላሉ።

ሦስተኛ፣ በሕገወጥ መንገድ የተባዛ ነው። በየመንገዱ ዳር በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ደራሲው ሳያውቅ በፎቶ ኮፒ ወይም በድብቅ ኅትመት የወጡ አሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው መብት ሰጥቶታል። የደራሲውን ላብ ሰርቆ መለገስ ልገሳ አይባልም።

አራተኛ፣ ለአንባቢው እንግዳ የሆነ ነው። ከባሕር ማዶ በኮንቴይነር ከሚመጡት ውስጥ ድንቅ መጻሕፍት እንዳሉ ሁሉ የሌላ አገር የከተማ ምክር ቤት አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍም አለ። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልባቸው ከአገራቸው ጋር ስለሆነ የሚችሉትን ይልካሉ፤ ይመስገኑ። ነገር ግን ለማጓጓዣው በሚወጣው ገንዘብ እዚሁ አገር ውስጥ ስንት አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ መጽሐፍ ሊገዛ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ጥሩ ነው።

የሠሩት ምን አደረጉ?

ከዚህ አንጻር የአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሥራ ትምህርት ይሆነናል። እሳቸው በስደት አሜሪካ ሄደው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ባለሙያ ሆነው ይሠሩ ነበር። እዚያ በብዙ ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ ሲኖር በአማርኛ አለመኖሩን አዩ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ 15,000 ያህል በስጦታ የተገኙ የልጆች መጻሕፍት ይዘው መጥተው በ1995 ዓ.ም. ሾላ አካባቢ በሚኖሩበት ቤት የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ቆየት ብሎም አዋሳ ላይ በአህያ በሚጎተት ጋሪ የሚንቀሳቀስ ቤተ መጻሕፍት ተጀመረ። ድርጅታቸው የመጣውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በማከፋፈል ብቻ አልቆመም፤ በአገር ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ ወደ ማሳተምም ገባ። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው። በመጀመሪያ ያለውን ሰጡ፤ ቀጥለው አንባቢውን አዩ፤ ከዚያ የጎደለውን ሠሩ።

ኮድ የተባለው የካናዳ ድርጅትም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሲመሠረት ሥራው መጽሐፍ ሰብስቦ ወደ ውጭ መላክ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን በየአገሩ የሚደረገውን ኅትመትና ንባብ ወደ መደገፍ ዞረ። አጋሩ ኮድ ኢትዮጵያም የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍትን ይደግፋል፤ በአገር ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት ያሳትማል። ሁለቱም ያስተማሩን አንድ ነገር ነው፤ የልገሳ መነሻው የሰጪው ጓዳ ሳይሆን የአንባቢው ጥያቄ መሆን አለበት።

ጋዜጠኛው ምን ይጠይቅ?

እዚህ ላይ ወደ ሙያችን ልምጣ። ዜና ስንማር ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉት ጥያቄዎች አሉ። የመጽሐፍ ልገሳ ዜና አብዛኛውን ጊዜ "ማን" እና "ምን ያህል" ላይ ይቆማል። በእኔ አስተያየት የሚከተሉት ጥያቄዎች ቢጨመሩ ዜናው ዜና ይሆናል፦

1. መጻሕፍቱ የተመረጡት በማን ነው? ቤተ መጻሕፍቱ የሚፈልገውን ዝርዝር ሰጥቷል?
2. በየትኛው ቋንቋና ለየትኛው ዕድሜ ናቸው? ለሕፃናትና ለዓይነ ስውራን የሚሆን አለበት?
3. መዝግቦ መደርደሪያ ላይ ለማውጣት ስንት ሰው፣ ስንት ቀን ያስፈልጋል?
4. ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜና እሑድ፣ እንዲሁም ከሥራ ሰዓት በኋላ ክፍት ነው?
5. ከስድስት ወር በኋላ ምን ያህሉ ተነብቧል?

አምስተኛው ጥያቄ ተመልሶ መሄድ ይጠይቃል። ድግሱ ካለቀ፣ ባነሩ ከወረደ በኋላ መሄድ ማለት ነው። አበል የለውም፣ ሻይ የለውም፤ እውነቱ ግን እዚያ ነው ያለው። እንዲያው ቁጥር ቆጥሮ ማወደስ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ነው፤ ለዚያ ሌላ የትምህርት ክፍል አለ።

ለትምህርት ክፍላችን የቀረበ ሐሳብ

ተናግሮ ዝም እንዳይሆን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" እንደሚባለው እያንዳንዳችን አንድ መጽሐፍ ብናመጣ ማናችንንም አይጎዳም።

መጀመሪያ በኮሌጃችን አቅራቢያ ያለውን አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንምረጥ። ሁለት ተማሪዎች ሄደው ከሠራተኞቹ ጋር ይነጋገሩ፤ አንባቢ እየጠየቀ የሚታጣው መጽሐፍ የትኛው እንደሆነ ዝርዝር ይዘው ይምጡ። ዝርዝሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። በዝርዝሩ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ያለው ያምጣ፤ የሌለው የአቅሙን ያዋጣና ለገሃር ወይም ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ፈልገን እንግዛ። የተገኘው ሁሉ አንድ በአንድ ይፈተሽ፤ ገጹ ይቆጠር፤ የርዕስ፣ የደራሲና የኅትመት ዘመን ዝርዝር በኮምፒውተር ይጻፍ። ዝርዝሩ ተዘጋጅቶ ከመጣ ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ግማሽ ሥራ ቀለለላቸው ማለት ነው። መጻሕፍቱን ባስረከብን ማግስት ደግሞ ፈቃደኛ የሆንን ተማሪዎች ሁለት ቅዳሜ ሄደን በሠራተኞቹ መሪነት ማኅተም በመምታትና ቁጥር በመለጠፍ እናግዝ። መጽሐፍ ከሚለግስ ይልቅ ጊዜውን የሚለግስ ሰው ይበልጥ ይታጣል።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ የመጽሐፍ ልገሳ መልካም ተግባር ነው፤ መልካምነቱ የሚለካው ግን በካርቶኑ ብዛት አይደለም። መጽሐፉ ትክክለኛ፣ ጤነኛ፣ ሕጋዊና አንባቢው የሚፈልገው መሆን አለበት። ተቀባዩም መዝግቦ ለማውጣት አቅም ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ለጋሹ አብሮ ማሰብ አለበት። መንግሥትም በልገሳ አሳቦ በጀቱን እንዳይቀንስ እኛ ጋዜጠኞች መጠየቅ ይኖርብናል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ መደርደሪያችሁን ወይም ከአልጋ ሥር ያለውን ሻንጣ እዩ። ከምትወዱት መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ሰው ቢያነበው ደስ የሚላችሁ የቱ ነው? የማትፈልጉትን ሳይሆን እሱን አምጡ።