በሴት በኩል የሚቆጠር ዘር፦ የወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ የትውልድ ሐረግ

ወንጌላዊው ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ከአብርሃም ጀምሮ ሲዘረዝር ከአባት ወደ ልጅ እየተሸጋገረ ይሄዳል። ይሁን እንጂ በአራት ስፍራ ቆም ይልና እናቶችን ይጠቅሳል፤ ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትንና የኦርዮን ሚስት። በመጨረሻም ወደ እመቤታችን ይደርሳል። ሊቃውንት ስለ እነዚህ ሴቶች መጠቀስ ብዙ ጽፈዋል። እኛ በዚህ ትምህርት የምንይዘው አንዲት ቀላል ነገር ብቻ ናት፦ የወንዶች ስም ብቻ የተደረደረበት ሐረግ ሁሉ በሴቶች በኩል ያለፈ ነው፤ የሴቲቱ ስም ካልተጻፈ ሐረጉ በዚያ ቦታ ይላላል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል። ይህንንም በሸዋ ደጋ በኖሩ በአንዲት ሴት ምሳሌነት እንመለከታለን። ዓመታቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንሰጣለን፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሆኑትን «እ.ኤ.አ.» ብለን እንለያለን።

እኒህ ሴት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ባላቸው የዶባና የመንዝ ገዥ ተብለው የሚጠቀሱት ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል፣ ልጃቸው ራስ መኰንን፣ የልጅ ልጃቸውም ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ራስ መኰንንን የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚገባ ያውቋቸዋል። በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ለመግዛት ከተሾሙ በኋላ ከካፑቺን ሚስዮናውያን ጋር በወዳጅነት ኖረዋል፤ ልጃቸው ተፈሪም ከአቡነ እንድርያስ ዣሮሶና ከአባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ትምህርት ቀስሟል። ስለ ልጅየውና ስለ ልጅ ልጅየው ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ስለ እናቲቱ የተጻፈው ግን በጥቂት መስመር ያልቃል።

ይህ ለምን ሊያሳስበን ይገባል? በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው፣ የዘውዱ ክብር ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘር በሚወለዱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትውልድ ጸንቶ እንዲኖር ደንግገው ነበር። ከሣህለ ሥላሴ ወደ ኃይለ ሥላሴ የሚያደርሰው መንገድ በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል የሚያልፈው ነው። የሕጉ አንቀጽ ግን የንጉሡን ስም ጠርቶ ከቆመ በኋላ በቀጥታ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይሻገራል። የአንድ መንግሥት የዘውድ መብት የተመሠረተባቸው ሴት በሕጉ ውስጥ በስማቸው አልተጠሩም። ይህን የምንለው ሕጉን ያረቀቁትን ለመውቀስ አይደለም፤ የንጉሥ ልጅ ያልተጻፈች ከሆነ የገበሬውና የሸማኔው ልጅ እንዴት ትጻፋለች ለማለት ነው።

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ መቼ ተወለዱ? የልደት መዝገብ ባልነበረበት ዘመን ይህን የሚመልሰው ሌሎች ቀኖችን አስተባብሮ ማስላት ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ያረፉት በ1840 ዓ.ም. ነው። ራስ መኰንን የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጎላ በተባለው አገር፣ ደረፎ ማርያም በተባለችው ስፍራ ነው። እናታቸው በዚያን ጊዜ ቢያንስ 15 ዓመት ሞልቷቸው ነበር ብንል፣ ከ1829 ዓ.ም. ወዲህ ሊወለዱ አይችሉም። እንዲህ ያለው ስሌት ቀኑን ባይሰጠንም ወሰኑን ያሳየናል፤ የትውልድ ሐረግ ፈላጊም በወሰን መርካት የሚገባው ጊዜ ብዙ ነው።

ግንቦት 1 የልደታ ለማርያም በዓል መሆኑንም አንባቢ ልብ ይበል። በአገራችን ሰው የተወለደበትን ዓመት ቢረሳ ቀኑን የሚያስታውሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ «በልደታ ማግስት»፣ «በሚካኤል ዋዜማ» ይባላልና። ዓመቱም ቢሆን ፈጽሞ አይጠፋም። አንድ አረጋዊ «በዘመነ ዮሐንስ» ካሉን ከአራት ዓመት አንዱን ነገሩን ማለት ነው። ለምሳሌ 1844ን ብንወስድ 5500 ስንጨምርበት 7344 ይሆናል፤ ይህም ለአራት ሲካፈል ትርፍ የለውም፤ ትርፍ የሌለው ዓመት የዮሐንስ ነው። ትርፉ አንድ ቢሆን የማቴዎስ፣ ሁለት ቢሆን የማርቆስ፣ ሦስት ቢሆን የሉቃስ ይሆን ነበር። በዚህ ላይ «ከክፉ ቀን በፊት»፣ «የዐድዋ ዘመቻ ሳይነሣ» የሚል ቃል ሲታከልበት ከአራቱ አንዱን ለይቶ ማወቅ ይቻላል። አያቶቻችን መዝገብ አልነበራቸውም ብለን የምናዝን ሁሉ ይህን የበዓልና የወንጌላውያን አቆጣጠር መዝገብ አድርገን ልንጠቀምበት ይገባል።

1829 ዓ.ም. በሌላም ምክንያት ይታወሳል። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ንግሥት ቪክቶሪያ በእንግሊዝ ዙፋን ተቀመጡ፤ በዚያው ወር መጨረሻም በእንግሊዝና በዌልስ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በመንግሥት መያዝ ተጀመረ። ሁለቱ አገሮች ለመተዋወቅ ብዙ አልቆዩም፤ ካፒቴን ሃሪስ የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ በ1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል። እንግዲህ በቪክቶሪያ ዘመን የተወለደች አንዲት እንግሊዛዊት ወገኗን ለማወቅ ብንፈልግ፣ የልደት ወረቀቷ የእናቷን ስም ከነአባቷ ቤት መጠሪያ ይሰጠናል፤ እ.ኤ.አ. የ1851 የሕዝብ ቆጠራም የት እንደተወለደችና ለቤቱ አባወራ ምን እንደሆነች ይነግረናል። ይህ ሁሉ ያስቀናል። ነገር ግን እንግሊዛዊቱ ባገባች ጊዜ የባሏን ስም ስለምትወስድ፣ የልደት ወረቀቷ ያልተገኘ እንደሆነ የአባቷ ወገን ይሰወራል። በጋብቻ መዝገባቸው ላይም እ.ኤ.አ. እስከ 2021 ድረስ የሙሽሮቹ አባቶች እንጂ የእናቶች ስም አይሰፍርም ነበር። የእኛ ሴት ግን ብታገባም ብትፈታም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ወይዘሮ ተናኘወርቅ በደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ቤት ሳሉም የሣህለ ሥላሴ ልጅ መባላቸው አልቀረም።

ከአባታቸው ወደ ላይ ብንቆጥር ሣህለ ሥላሴ፣ ወሰን ሰገድ፣ አስፋ ወሰን፣ አምኃ ኢየሱስ፣ አብዬ፣ ሰብስትዬ እያልን በሰባተኛው ቤት የመንዙን ነጋሢን እናገኛለን። ሰባት ቤት መሆኑ ያስደስታል፤ በአማራው ባህል ለጋብቻ ዘር የሚቆጠረው እስከዚያ ነውና። ነጋሢም ቢሆን ከዐፄ ልብነ ድንግል ዘር ነው የሚል ትውፊት አለ። ይህ የሸዋ ነገሥታት ሐረግ ወደ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የሚደርሰው ግን በእናት በኩል ነው።

በመንዝ ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም። የመንዝ አገር ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ ሲከፈል፣ ትውፊቱ ስሞቹን የሦስት የመጀመሪያ አባቶች ስም ያደርጋቸዋል። ርስት የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ወይም ከተከታዮቻቸው መወለዱን ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ሲቆጥርም በአባቱም በእናቱም በኩል መውጣት ይፈቀድለት ነበር፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ርስት ትካፈል ነበርና። በሸንጎ ፊት የቆመ ተሟጋች አያቱን አልፎ የቅድመ አያቱን እናት ስም ካላወቀ መሬቱን ያጣል። ይህ ግዴታ ከብራና የበለጠ መዝገብ ነበር፤ ጉድለቱ ግን ያው ነው፦ ርስት ያልወረደባት፣ ወይም ልጅ ያልወለደች ሴት ከቆጠራው ትወጣለች። ደግሞም ተሟጋች ለጥቅሙ ሲል ትውልድ ይጨምራል፣ ይቀንሳልም፤ ስለዚህ አንድ ወገን የቆጠረውን ከሌላው ወገን ጋር ሳያስተያዩ መቀበል አይገባም።

ስሞችም ያሳስታሉ። የራስ መኰንን አባት የደጃዝማች ወልደ ሚካኤል አባት ስም በአንዳንድ ጽሑፍ ወልደ መለኮት፣ በሌላው ጉዴሳ ተብሎ ይገኛል። ሰው የክርስትና ስም፣ የቤት ስምና የፈረስ ስም በነበረው ዘመን ሁለት ስም ማየት ወዲያው ሁለት ሰው ነው አያሰኝም፤ አንድ ሰው ነው ብሎ መደምደምም ያለ ማስረጃ አይቻልም። በተቃራኒው ደግሞ አንድ ስም ሁለት ሰው ይሆናል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. የተወለዱትን ልጃቸውን ተናኘወርቅ ብለዋቸዋል። ቅድመ አያትና ልጅ በአንድ ስም ሲጠሩ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው የአንዷን ታሪክ ለሌላዋ ይሰጣል። ሆኖም ይኸው የስም መደጋገም ጠቃሚ ምልክትም ነው፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ተመላልሶ የሚመጣ የሴት ስም ብዙውን ጊዜ የተረሳች አያት መኖሯን ይጠቁማል።

የባሰውን ለማየት ወደ ዳግማዊ ምኒልክ እናት ወደ ወይዘሮ እጅጋየሁ እንሂድ። ንጉሡ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። ስለ እናታቸው ወገን ግን አንዱ ወገን በቤተ መንግሥት የምታገለግል ምስኪን ነበሩ ሲል፣ ሌላው ወገን ከጨዋ ቤት የተወለዱ የለማ አድያሞ ልጅ ናቸው ይላል። የዐድዋን ድል ያገኙት ንጉሠ ነገሥት እናት ነገር እንዲህ በሁለት አፍ መነገሩ የሚያስደንቅ ነው። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ወገን ሲናገር ልቡ በንጉሡ ላይ ነበር፤ አንዱ ሊያዋርዳቸው፣ ሌላው ሊያከብራቸው ሲሻ እናቲቱ እንደ ሰው የተጠየቁበት ጊዜ አነስተኛ ነው።

የተጻፈ ነገር ለሚፈልግ ሰው ዜና መዋዕሎች አሉ፤ ከእነዚህም ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የጻፉት የምኒልክ ታሪክ ለሸዋ ዋነኛው ነው። በ12 ቅጽ የታተመው የካርዲናል ማሳያ፣ በአገራችን አጠራር የአቡነ መሲያስ፣ የሚስዮን ትዝታም እ.ኤ.አ. ከ1868 እስከ 1879 በሸዋ ያዩትን ይዟል። ከሁሉ ይልቅ ግን ሊዘነጋ የማይገባው የአድባራትና የገዳማት መጻሕፍት ኅዳግ ነው። በወንጌልና በመዝሙረ ዳዊት ባዶ ገጾች ላይ ስለ መሬት ስጦታ፣ ሽያጭና ውርስ የተጻፉ ማስታወሻዎች ይገኛሉ፤ በጎንደር ዘመን በተጻፉት ላይ ሴቶች ባለ መሬት ሆነው በገዛ ስማቸው ይጠቀሳሉ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ 9 ሺህ ገደማ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂዎቻቸውም በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ፣ በቤኔዲክታውያን መነኮሳት በተቋቋመው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀዋል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ራሳችን ቁምስናዎች ይመጣል። የትሬንቶ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1563 የጋብቻ መዝገብ በየቁምስናው እንዲያዝ ካዘዘ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ አላቋረጠችም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና፣ ሥርዓተ ግእዝን የምንከተል የምንመራበት፣ በቀኖና 296 የጥምቀት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ እንዲኖር ያዝዛል፤ በቀኖና 689 ደግሞ የተጠማቂው፣ የወላጆቹ፣ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስም፣ የተወለደበትና የተጠመቀበት ቦታ እንዲጻፍ ይወስናል። በሕግ ጋብቻ ያልተወለደ ሕፃን ሲሆንም እናትነቷ በይፋ የታወቀ ከሆነ፣ ወይም እርሷ ራሷ በፈቃዷ ከጠየቀች፣ የእናቲቱ ስም ይመዘገባል። ለወይዘሮ እጅጋየሁ በዘመናቸው እንዲህ ያለ ገጽ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ባልተነሣ ነበር።

መዝገቡ ለጋብቻም ያስፈልጋል። ቀኖና 808 በጎን ዘመዳሞች መካከል እስከ አራተኛው ደረጃ ድረስ ጋብቻን ይከለክላል፤ የአባቶቻችን ልማድ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ይዘልቃል። ይህ ሁሉ የሚመረመረው በእናትም በኩል ነው። መዝገባችን «እናት፦ ወለተ ማርያም» ብሎ ቢያቆም፣ የዚያች ወለተ ማርያም አባትና አያት ካልተጻፉ፣ ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣ ቆሞስ ምን ይመረምራል? ስለዚህ መዝገብ ያዥ የእናቲቱን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ፣ የትውልድ ቀበሌዋንም ጨምሮ ቢጽፍ መልካም ነው። በመንግሥትም በኩል በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተጀምሯል፤ ይህ ከዚያ ወዲህ ለተወለዱት ይጠቅማል እንጂ ያለፉትን አይመልስም።

ያለፉት ያሉት በአረጋውያን አፍ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የርስት ሙግት አበቃ፤ ከእርሱም ጋር ልጅን ዘር የማስቆጠሩ ግዴታ አበቃ። በዚያን ዘመን በሸንጎ ቆመው የተሟገቱ ዛሬ በጣም አርጅተዋል። ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼ ወይም ወደ መርሐቤቴ የሚወጣ ወጣት እነርሱን ሲጠይቅ «የእናትዎ እናት ማን ይባላሉ?» ብሎ ባይጀምር ይሻላል፤ ብዙዎቹ ወዲያው አይመጣላቸውምና። ይልቁንስ ወደ ማሳው እያመለከተ «አባቴ፣ ይህ መሬት በማን በኩል ነበር የደረስዎ?» ይበል። አረጋዊው ስለ መሬቱ ሲናገሩ በማን እንደ ወረደ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተካፈለ ይነግሩታል፤ ከወንድሞቿ ጋር የተካፈለችው ሴት ስምም በዚያ መካከል ይወጣል። ያን ጊዜ ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የማሳውን ስምና የነገሩትን አረጋዊ ስም ከነቀኑ በዚያው ሰዓት ይጻፍ።