ከዋርድ እስከ ጀውሃ፦ የጤና መኮንን ተማሪ የልምምድ ጊዜውን እንዴት ይያዝ?

የጤና መኮንን ተማሪዎች ዋርድ ስትገቡ አብዛኛውን ጊዜ የምትጨነቁት ስለ ሲኒየሩ ነው፤ ዛሬ ማንን ይጠይቅ ይሆን፣ ፈተናውንስ እንዴት ያወጣው ይሆን ትላላችሁ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ ቦታ እንድታስቡ እፈልጋለሁ። ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው አስፋልት ላይ ጀውሃ አለች። አገሩ ቆላ ነው፤ ወባው፣ ሙቀቱ፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ተጓዥና የቀን ሠራተኛ ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ሌሊት ተረኛ የሚሆን ጤና መኮንን ከራሱ በላይ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አያገኝም። ስለዚህ በየዋርዱ ስለምታዩት በሽተኛ ሁሉ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ሰው ጀውሃ ቢመጣብኝ መጀመሪያ ምን አደርግለታለሁ? መቼስ እልከዋለሁ?

ጥያቄው ከሙያው ታሪክ ጋር የሚሄድ ነው። በ1945 ዓ.ም. ገደማ ጎንደር አቅራቢያ ባለው ደምቢያ ላይ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። ከዚያ እልቂት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች አብረው ይሠለጥኑ ጀመር፤ በቡድን ሆነውም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይላኩ ነበር። ዛሬ ቲቲፒ እያልን የምንወጣበት የቡድን ሥልጠና የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

ከመግባታችሁ በፊት

የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት በሦስት ዙር ይሰጣል፤ የመጨረሻው ከመጀመሪያው ስድስት ወር ቆይቶ ነው። ዋርድ ልትገቡ ሳምንት ሲቀር ብትጀምሩት ልምምዱን የምትገፉት ሳትጠበቁ ነውና፣ ገና የክፍል ትምህርት ላይ ሳላችሁ ጀምሩ። መርፌ ቢወጋችሁ ቦታውን በውኃና በሳሙና እጠቡ፣ አትጭመቁት፣ እዚያው ሰዓት ለኃላፊው ንገሩ። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲወሰድ ነው የሚበጀው፤ 72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። ተማሪዎች ይህን የሚደብቁት በኀፍረት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለበትም።

ለዕቃ ብዙ ወጪ አታውጡ። ስቴቶስኮፕ፣ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ትንሽ ባትሪ፣ ሙአክ የምንለው የክንድ መለኪያና ኪስ የሚገባ ደብተር ይበቃል። ከዕቃው ይልቅ ሎግ ቡኩን አስቀድማችሁ አንብቡት። በየዋርዱ የሚጠበቅባችሁን ሥራ ሳታውቁ ከገባችሁ ወራቱ ሮውንድ ተከትላችሁ በመቆም ያልቃሉ።

ካርዱን ሳታነቡ በሽተኛውን ስሙ

በየሳምንቱ ቢያንስ ሁለት በሽተኞችን የራሳችሁ አድርጋችሁ ያዙ። ሮውንድ ሳይጀመር ቀድማችሁ ድረሱ፤ ካርዱን ዝጉና ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ካርዱን ቀድሞ ያነበበ ተማሪ በሽተኛውን የሚጠይቀው የሌላውን ሰው ምርመራ ለማጽደቅ ብቻ ይሆናል። «አባቴ፣ ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» ብላችሁ ጠይቁና ሳታቋርጡ አድምጡ። ብርድ ብርድ አለኝ፣ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ልቤን ያጥወለውለኛል ሲሉ ቃሉን እንደተነገረ ጻፉት፤ ወደ ሕክምና ቋንቋ የምትመልሱት በኋላ ነው።

ጀውሃ ባለችበት በይፋት ቆላ ታሪክ ስትወስዱ የማይታለፉ ጥያቄዎች አሉ። ባለፈው ወር የት ነበሩ? ለቀን ሥራ ወደ ሌላ ቆላ ወርደው ነበር? የሚተኙት አጎበር ውስጥ ነው ወይስ ማሳ ላይ? የወባ ዋና ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ቢሆንም፣ በመስኖ ሽንኩርት በሚለማበት አካባቢ ውኃው ስለማይደርቅ ከወቅቱ ውጭ የመጣን ትኩሳት ወባ አይሆንም ብላችሁ አትለፉት። ልጁ ወንዝ ይዋኛል ወይ ብላችሁም ጠይቁ፤ በሸዋ ሮቢት አካባቢ የአንጀት ብልሃርዚያ መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው፤ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ አሜባ አይደለም።

አካባቢው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ተናጋሪ የሚገናኙበት ነው። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ ሠራተኛ ፈልጉ። ሴትን ስለ ወር አበባዋ በባሏ አንደበት፣ እናትን በልጇ አንደበት መጠየቅ እውነቱን አያስገኝም።

ከዚያ በኋላ መርምሩ፣ የራሳችሁን ግምት ጻፉ፣ መጨረሻ ላይ ካርዱን ክፈቱ። ከካርዱ የተለያችሁበት ነጥብ ካለ ለሲኒየሩ የምታቀርቡት ጥያቄ እሱ ነው። ሞርኒንግ ላይ ስታቀርቡም አጭር ሁኑ፦ ማን ነው፣ ምን ይዞት መጣ፣ ምን አገኛችሁ፣ ምን ይመስላችኋል፣ ምን ተደረገለት።

በየዋርዱ

ሕፃናት ዋርድ ብዙ ጊዜ ስጡት። አራቱን አደገኛ ምልክቶች ሳታስቡ እስኪመጡላችሁ ድረስ ደጋግሙ፦ መጠጣት ወይም መጥባት አለመቻል፣ የወሰደውን ሁሉ ማስታወክ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ራስን መሳት። ትንፋሽ የሚቆጠረው ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ተገልጦ፣ ደቂቃው ሙሉ ነው፤ ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ክንዱ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በጣም ተጎድቷል። ደግሞም የደም ምርመራው ወባ አሳየ ማለት ሌላ በሽታ የለበትም ማለት አይደለም። ወባ በሚበዛበት አገር ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመልጡት በዚህ ምክንያት ነው። የተንቀጠቀጠ ልጅ ስታዩ አንገቱን ፈትሹ፣ የደም ስኳሩንም ወዲያው ለኩ።

ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሕፃኑ ሲወጣ ለማየት ብቻ አትግቡ። አንዲትን እናት ምጥ ከገባችበት ሰዓት ጀምራችሁ ተከታተሉ፤ የጽንሱን የልብ ምት በየ30 ደቂቃው አዳምጡ፤ ፓርቶግራፉን እዚያው እየለካችሁ ሙሉ። ከወለደች በኋላ ተቀምጦ የሚሞላ ፓርቶግራፍ ለእናቲቱ ምንም አልጠቀማትም፤ እኔ እንዲያውም ከውሸት አልለየውም። ሕፃኑ እንደተወለደ ሌላ ጽንስ አለመኖሩን አረጋግጣችሁ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ጡንቻ ላይ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መስጠትን፣ ያልተነፈሰን ሕፃን በአምቡ ባግ መርዳትን እጃችሁ ይልመደው። እዚህ ላይ ያልለመደ እጅ ሌሊት ብቻውን ሲሆን ይንቀጠቀጣል።

የውስጥ ደዌ ክፍል ውስጥ የወባን ሕክምና ከሥሩ ያዙ። ለፋልሲፓረም የሚሰጠው ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ፣ ወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። ለቫይቫክስ ክሎሮኪን ይሰጣል፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን ተውሳክ ለማጥፋት ደግሞ ፕሪማኪን 14 ቀን ይጨመራል፤ ለነፍሰ ጡርና ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን አይሰጥም። ፕሪማኪን የጀመረ ሰው ሽንቱ ከጠቆረ መድኃኒቱን አቁሞ እንዲመጣ ንገሩት። ለከባድ ወባ በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔት ለአዋቂ በኪሎ 2.4 ሚሊ ግራም፣ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ 3 ሚሊ ግራም ነው፤ ሲመጣ፣ በ12 እና በ24 ሰዓት ይሰጣል። ከሁለት ሳምንት በላይ የሳለን ሰው ደግሞ ለቲቢ አክታውን ሳታስመረምሩ አትሸኙ።

ቀዶ ሕክምና ላይ ኦፕራሲዮን ለማየት አትጋፉ። ቁስል ማጠብና መስፋት፣ ስብራት ማሰር፣ አስቸኳይ ሆድ መለየት ይበቃችኋል። ዓይንና ቆዳ ክፍል ጊዜው አጭር ስለሆነ በብዛት የሚመጡትን ብቻ ያዙ። ሥነ አእምሮ ክፍልን ግን እንደ ዕረፍት የሚቆጥሩ ተማሪዎች ይበድላሉ፤ ጤና ጣቢያ የሚመጣውን የሚጥል በሽታ ታማሚ ሳያቋርጥ መድኃኒት እንዲወስድ የምትከታተሉት እናንተ ናችሁ።

ስለ ፊርማ

አንድን ሥራ መጀመሪያ እዩ፣ ቀጥሎ ሲኒየሩ ባለበት ሥሩ፣ ሲፈቀድላችሁ ብቻ ለብቻችሁ ሥሩ። ሎግ ቡክ ላይ የሚፈረመው የተሠራ ሥራ ነው። ጓደኛ የሠራውን በራስ ስም ማስሞላት በየግቢው እንደ ቀላል ነገር ይታያል። የመውጫ ፈተናውና የሙያ ፈቃድ ፈተናው ይህን ላይደርሱበት ይችላሉ፤ ደም የሚፈሳት እናት ፊት ግን መደበቂያ የለም። ያልሠራችሁት ካለ ተረኛውን ሲኒየር «ይህን አልሠራሁም፣ ሲመጣ ይጥሩኝ» በሉት። ብዙዎቹ በደስታ ይጠራሉ።

ጤና ጣቢያ ስትወጡ

ቲቲፒ ላይ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተመላላሽ ክፍል ብቻ አትቀመጡ። የካርድ ክፍሉን፣ የላቦራቶሪውንና የመድኃኒት መደብሩን ሠራተኞች ተዋወቁ፤ ምን ምርመራ እንደሚሠራ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳለቀ እወቁ። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ወደ ጤና ኬላ ውረዱ፤ ክትባት ያቋረጠውን ልጅና ቤት ልትወልድ ያሰበችውን ነፍሰ ጡር እሷ ታውቃቸዋለች። የክትትል ቀጠሮ ስትሰጡም የገበያ ቀን አስቡ። እሑድ ጀውሃ አቅራቢያ ባለችው በሰንበቴ የገበያ ቀን ስለሆነ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ጉዞውን ከገበያው ጋር ማቀናጀት ሊቀለው ይችላል፤ ራሱን ጠይቁት።

ሪፈር

ልምምዳችሁ ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚላከው ሊደረግለት የሚገባው መጀመሪያ ተደርጎለት ነው። ከባድ ወባ ከሆነ የመጀመሪያው አርቴሱኔት ይሰጠው። በግፊት ምክንያት የተንቀጠቀጠች ነፍሰ ጡር ከሆነች ማግኒዚየም ሰልፌት፣ 4 ግራም በደም ሥር ቀስ ብሎ፣ 10 ግራም በሁለቱ መቀመጫዎች ተከፍሎ፣ ከመነሣቷ በፊት ይሰጣታል። የሰጣችሁትን ከነሰዓቱ ወረቀቱ ላይ ጻፉ። ተቀባዩ ሆስፒታል ጋ ደውሉ፤ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ሊሠራ የሚችለውን ሥራ ደብረ ብርሃን ድረስ አትላኩት፤ ደብረ ብርሃን የሚያስፈልገውንም በየመንገዱ አታቁሙት።

ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መኪና ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በርን ይወጣል። ጀውሃ ላይ በአንድ ጨርቅ የተጠቀለለ አራስ የጣርማ በር ዋሻ ዘንድ ሲደርስ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፤ መቀዝቀዝ ደግሞ በተለይ ያለጊዜው የተወለደውን ይገድላል። ስለዚህ ሕፃኑን ራቁቱን ከእናቱ ደረት ጋር አጣብቁት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ከላይ ብርድ ልብስ ደርቡ። ለሹፌሩም መስኮቱን እንዲዘጋ ንገሩት።

በማግሥቱ ደውላችሁ የላካችሁት ሰው ምን እንደሆነ ጠይቁ። የተቀባዩን ምርመራ ከእናንተ ግምት አጠገብ በደብተራችሁ ጻፉት፤ ይህን ከተማሪነታችሁ ጀምራችሁ ልመዱት፣ ከተመረቃችሁም በኋላ አታቋርጡት።