መቅሠፍትና መለያየት፤ አንድ ሕዝብ ሁለቱን ማሸነፍ ይችላልን?

«አገር ከውጭ መቅሠፍት ሲመጣባት ሕዝቧ ያለ ጥርጥር አንድ ይሆናል» የሚል ቃል በንግግርም በጽሑፍም ደጋግመን እንሰማለን። ሌሎች ደግሞ ነገሩን ገልብጠው «ሕዝቡ አስቀድሞ አንድ ካልሆነ ምንም ሊሠራ አይችልም» ይላሉ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱም አባባሎች እንደማይበቁ ለማሳየት እሞክራለሁ። ለምሳሌ የመረጥሁትም ደስታ የተባለውን የከብት በሽታ ነው። ውድ አንባቢዎቼ በምርጫዬ እንዳይስቁ እለምናለሁ፤ በአገራችን ላይ ይህ በሽታ ያደረሰውን ያህል ጥፋት ያደረሰ የጠላት ጦር መኖሩን እጠራጠራለሁና።

ደስታ የሚለውን ስም ያወጡለት ሰዎች ክፉውን በመልካም ስም ጠርተው ለመሸኘት አስበው ይመስለኛል፤ እርሱ ግን አልተሸኘም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከህንድ አገር በመርከብ በመጡ ከብቶች ምክንያት በምጽዋ በኩል እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከአገሪቱ የቀንድ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል ፈጀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ በዚያ ላይ ዝናም አጠረ፥ አንበጣና ተምች ተጨመረ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየውም ረኃብ «ክፉ ቀን» ተባለ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ መሥራትን እንዲለምድ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቆፈሩ ተጽፏል። በሽታው በእኛ ብቻ አልቆመም፤ ወደ ደቡብ እየወረደ በአሥር ዓመት ውስጥ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

እንግዲህ መቅሠፍት ሰውን አንድ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ አንድነቱ በዚያን ጊዜ መታየት ነበረበት። ነገር ግን ከብቱ በየሜዳው እየወደቀ ሳለ በ1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ በጎጃም ላይ ዘመቱ፤ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋርም ለመዋጋት ተቃርበው ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አፄ ዮሐንስ በመተማ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ኢጣልያኖች አሥመራን ያዙ። መቅሠፍቱ መጣ፥ መለያየቱም ባለበት ቆየ፤ አንዱ ሌላውን አላስቀረም።

ስለ ዓድዋ ብዙ ተጽፏልና አላስረዝምም። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁም። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን አሸንፈው የማረኳቸው ምኒልክ ነበሩ፤ ከ14 ዓመት በኋላ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ከምኒልክ ጋር በዓድዋ ተሰለፉ። ራስ መንገሻ ዮሐንስም እንዲሁ ተሰለፉ፤ ኢጣልያኖች ግን በትግራይና በሸዋ መካከል ባለው ቂም ብዙ ተስፋ አድርገው ነበር። ቂሙ ጠፍቶ ነበርን? አልጠፋም። ራስ መንገሻ ከድሉ ሦስት ዓመት ሳይሞላ አምፀው በ1891 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡና በአንኮበር ታሰሩ። አንኮበር ለእኛ ለይፋት ሰዎች ሩቅ አይደለም፤ ከቆላችን በላይ ያለው ደጋ ነው። ጠላት ያመጣው አንድነት ከጠላቱ ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ የምንፈልግ ቀና ብለን ወደዚያ እንመልከት።

አሁን ወደ በሽታው ልመለስ፤ የእርሱ ፍጻሜ ከዓድዋ ይልቅ ለእኛ የሚጠቅም ይመስለኛልና። ደስታ ከክፉ ቀን በኋላ ከአገራችን አልወጣም፤ እየተመላለሰ ሲገድል መቶ ዓመት ኖረ። መድኃኒት ስለ ጠፋ አይደለም። ዋልተር ፕላውራይት የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ሙጉጋ በተባለው የኬንያ ምርምር ጣቢያ ጥሩ ክትባት ያዘጋጁት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የአፍሪካ መንግሥታትም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ታላቅ የክትባት ዘመቻ አድርገው በሽታውን ከብዙ ሥፍራ አባረሩት። ነገር ግን በጥቂት ሩቅ ቦታዎች ተደብቆ ቀረ። ዘመቻው ሲያበቃ ከተደበቀበት ወጥቶ እንደ ገና አህጉሩን ወረሰ።

ከመጨረሻዎቹ መደበቂያዎቹ አንዱ የጎረቤታችን የአፋር ቆላ ነበር። ክትባቱ በበረዶ መያዝ ነበረበት፤ ሙቀት ከነካው ይበላሻል። የመንግሥት ሐኪሞች በመኪና ቢመጡም መንገድ የለም፥ አርብቶ አደሩ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ነው፤ የሚያገኙትም ሰው አያውቃቸውምና ከብቱን አያወጣላቸውም። በኋላ ያለ በረዶ አንድ ወር ያህል የሚቆይ ክትባት ተገኘ። በ1986 ዓ.ም. ገደማም ሌላ ዘዴ ተሞከረ፤ ይኸውም ሐኪም ያልሆኑ፥ ወገኖቻቸው ራሳቸው የመረጧቸው የአፋር አርብቶ አደሮች ሠልጥነው ክትባቱን ይዘው ከመንጋው ጋር እንዲሄዱ ማድረግ ነበር። ሃያ ሰዎች ብቻ ከ70 ሺህ በላይ ከብት ከተቡ፤ ደሙ ሲመረመርም ከመቶው ከ80 የሚበልጠው በሽታውን የሚከላከል ሆኖ ተገኘ። ይህ ውጤት በመኪና ይመጡ ከነበሩት ቡድኖች ውጤት ይበልጥ ነበር። ከ1988 ዓ.ም. በኋላ በአገራችን ደስታ አልታየም። በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀ፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ መጥፋቱ ተነገረ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ልብ በሉ! በነዚያ ዓመታት በአፋርና በኢሳ መካከል ለብዙ ዘመን የቆየው የግጦሽና የውኃ ጠብ አልበረደም ነበር። በአፋርና በደገኛው ጎረቤቱ መካከልም እንዲሁ። ሥራው አስቀድሞ ዕርቅ ይሁን ተብሎ አልተጠበቀም። የተፈለገው እያንዳንዱ ወገን አምኖ በሩን የሚከፍትለት ሰው ነበር፤ እርሱም ከዚያው ወገን ተገኘ። «ይህ የክትባቱ ኃይል ነው እንጂ የሰው መስማማት አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እኔም ክትባቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ታዲያ እስከዚያ ድረስ ምን ከለከለው? ብዬ እመልሳለሁ።

በእኛ ዘመን ያየነው ከዚህ የተለየ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ከዓረብ አገር ተነሥቶ በአፋር፥ በወሎና በሰሜን ሸዋ ቆላ ወረደ፤ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላ በላ። ገበሬው ቆርቆሮ እየደበደበ ጅራፍ እያጮኸ ተከላከለ። አንበጣው ገና ሳይወጣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሣ። በመጋቢትና በሚያዝያም ወር በአጣዬና በዙሪያው ብዙ ሰው ሞተ፥ አጣዬም ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ያን ጊዜ ገና ልጆች ነበርን፤ ወላጆቻችን ምን እንዳዳኑና ምን ትተው እንደ ወጡ ያውቁታልና አልዘረዝረውም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም የተኩስ ድምፅ ከአካባቢያችን ጨርሶ አልራቀም።

ስለዚህ «አስቀድሞ ሁሉ ነገር ይስተካከል፥ ከዚያ በኋላ አብረን እንሠራለን» ማለት ለቀወትና ለኤፍራታና ግድም ሰው አይሆነውም። የሮቢ ውኃ ከደጋ ይወርዳል፥ ሽንኩርቱንና ማሾውን ያጠጣል፥ ወደ አፋርም ይወርዳል፤ ማን ከማን ተጣልቷል ብሎ አይጠይቅም። በሽታም እንደዚሁ ነው።

ለዚህም ፈተናው ከፊታችን አለ። ከደስታ ቀጥሎ ከዓለም እንዲጠፋ የታሰበው የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ለዚህ የወሰኑት ዘመን እስከ 2022 ዓ.ም. ነው። ፍየል በቆላችን የድኻ ባንክ ናት፤ የብዙዎቻችን ደብተርና ጫማ የተገዛው በእርሷ ነው። ከሮቢት በስተ ምሥራቅ ያለው መንጋ ተከትቦ በስተ ሰሜን ያለው ቢቀር፥ ወይም አማራው አስከትቦ ኦሮሞው፥ አርጎባው አስከትቦ አፋሩ ቢቀር፥ ክትባቱ ፋይዳ የለውም። እሑድ እሑድ ፍየሎቹ ሁሉ ሰንበቴ ገበያ ላይ ይገናኛሉ።