ጮቄን ከመንገድ መሪ ጋር መውጣት

እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ብቸና ወይም ሞጣ አካባቢ ስትመደቡ፣ ተማሪዎቻችሁ «ቲቸር፣ ጮቄ ተራራ ውሰዱን» ማለታቸው አይቀርም። ለጂኦግራፊና ለሳይንስ ከዚህ የተሻለ ላቦራቶሪ የት ይገኛል? ታዲያ ከመሄዳችሁ በፊት የሚከተለውን ልብ በሉ።

ሁለቱም ከተሞች 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። የጮቄ ጫፍ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ ከከተማው ሙቀት ላይ 10 ዲግሪ ያህል ይጎድላል። የአየር ግፊቱም በባሕር ወለል ካለው ወደ 60 ከመቶ ይወርዳል፤ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። ውሃ 87 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እዚያው ድንች ቀቅሉና አሳዩ፤ ሲንተከተክ ይቆያል እንጂ ቶሎ አይበስልም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የምግብ ፍላጎት ማጣት የከፍታ ሕመም ምልክቶች ናቸው። የታመመው ይረፍ፤ ካልተሻለው ይውረድ። የሚንገዳገድ ወይም ተቀምጦ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ካለ ግን ዕረፍት ሳይባል ወዲያው መውረድ አለበት። ልጅ ደግሞ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት አመመኝ አይልም፤ ፊቱን እያያችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከአስታው በላይ ጅብራና ጓሳ ብቻ በሚታይበት ሜዳ ላይ ጉም ከወረደ አቅጣጫ ይጠፋል። አንድ ጊዜ ተማሪዎች ይዤ ስወጣ መሪያችን የነበሩት ሽማግሌ ገበሬ «መምህር፣ ጉሙ ሊወርድ ነው፤ እንመለስ» አሉኝ። «አባ፣ ደረስን እኮ!» ብዬ አስቀጠልኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ከፊቴ ያለውን ልጅ ማየት አቃተኝ። ስንቆጥር አንድ ጎደለ። ሽማግሌው ወደ ኋላ ተመልሰው፣ ከጅብራ ሥር ራሱን ይዞ ተቀምጦ አገኙት። ዛሬም ሳወራው አፍራለሁ።

ይህ ስሕተት የቆየ ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሃሜል የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሞን ብላንን ሲወጣ፣ መሪዎቹ በአየሩ መክፋት መመለስ እየፈለጉ እሱ ግን እንቀጥል አለ። የበረዶ ናዳ ሦስት መሪዎችን ገደለ። በ1821 የሻሞኒ መንገድ መሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። በእኛም አገር ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሆነው ራስ ዳሸን የሚሄድ ጎብኚ መሪና ስካውት ይዞ መጓዙ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ገና ከግቢ ሳትወጡ መሪውን በተማሪዎቹ ፊት አቁማችሁ «ተመለሱ ካሉን የምንመለሰው በእርሳቸው ቃል ነው» በሉ። ጊዜው ከክረምት ውጪ ይሁን፤ በበጋውም ሌሊት ውርጭ ስላለ ጋቢ አይረሳ። መሪው ከፊት፣ መምህሩ ከኋላ፣ እርምጃው በደካማው ልጅ ልክ። በየዕረፍቱም ቁጠሩ፤ በዓይን ግምት ሳይሆን ስም በመጥራት።