ባትሪ፣ ፓኔልና ቻርጅ ኮንትሮለር እንዴት ይጣጣማሉ? ከላቪንግተን ቤት እስከ ሞያሌ በረት

ናይሮቢ ላቪንግተን ባለው ቤቴ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባለ 200 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ነበረኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላሳፈረኝም። ሞያሌ አጠገብ ጭነት የሚጠብቁ ከብቶችና ፍየሎች የምናቆይበት በረት ስንከራይ፣ «ቤቴን ያበራ ዕቃ በረትም ያበራል» ብዬ ሁለቱንም በጭነት መኪና ላክኋቸው። ከአንድ ሱቅ ደግሞ ባለ 100 ዋት ፓኔልና አነስተኛ ኮንትሮለር ገዝቼ ጨመርኩ።

በአምስተኛው ሌሊት ሁሉም ጨለመ። ጅብ የእሾህ አጥሩን ጥሶ አራት ፍየሎች ፈጀ። የጠባቂዎቹም ስልክ ቻርጅ አልቆበት ስለነበር፣ በማግስቱ ጠዋት የደወለው የናይሮቢ ገዢ እኛን ሲያጣ መኪናውን ከሌላ ነጋዴ ሞላ። ባትሪው ጤነኛ ነበር፤ ፓኔሉም አዲስ ነበር። የጎደለው የዕቃዎቹ መጣጣም ነው። የዛሬው ትምህርታችንም ይኸው ነው፤ እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ።

ላቪንግተን የሠራው በረት ላይ ለምን ከሸፈ?

ላቪንግተን ባትሪዬን ይሞላ የነበረው የኬንያ ፓወር መስመር ነው። መብራት ሁለት ሦስት ሰዓት ይጠፋል፤ ሲመለስ ኢንቨርተሩ ባትሪውን መልሶ ይሞላዋል። በረት ላይ ግን ከፀሐይ በቀር የሚሞላው የለም። ሒሳቡን በኋላ ተቀምጬ ሠራሁት።

የምንጠቀመው በቀን ይህን ያህል ነበር፦

- ሌሊቱን 11 ሰዓት የሚበሩ ሁለት ባለ 10 ዋት አምፖሎች፦ 220 ዋት-ሰዓት
- ስድስት ስልኮች፣ እያንዳንዳቸው 15 ዋት-ሰዓት፦ 90
- ሬዲዮና ዋይፋይ፣ 10 ዋት ለ6 ሰዓት፦ 60
- ዲጂታል ሚዛን፣ 10 ዋት ለ3 ሰዓት፦ 30

ድምሩ 400 ዋት-ሰዓት ነው። ያላሰብኩት ኢንቨርተሩን ነበር። ምንም ሳይሰካበት ክፍት ሆኖ ብቻ 15 ዋት ገደማ ይበላል፤ በ24 ሰዓት 360 ዋት-ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ የቀኑ ወጪ 760 ዋት-ሰዓት ሆነ፤ በ12 ቮልት ሲካፈል 63 አምፒር-ሰዓት።

ገቢውስ? ባለ 100 ዋቱ ፓኔል 5.5 አምፒር ያህል ይሰጣል። በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ብናስብ 27 አምፒር-ሰዓት ነው። 63 ወጥቶ 27 ይገባል፤ በየቀኑ 36 ይጎድላል። በሦስተኛው ቀን ባትሪው ከግማሽ ወረደ፤ በአምስተኛው ሌሊት ኢንቨርተሩ ራሱን አጠፋ። ካፒታል እየበሉ መነገድ እንደማለት ነው፤ መጀመሪያ አይታወቅም፣ መጨረሻው ግን የታወቀ ነው።

አንደኛ፦ ከወጪው ተነሡ

ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የምትጠቀሙበትን ሁሉ በወረቀት ጻፉ፤ ዋቱን በሰዓት አባዙና ደምሩ። በረት ላይ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚበራ አምፖልና በዩኤስቢ የሚሞላ ስልክ ከተጠቀማችሁ ኢንቨርተር አያስፈልጋችሁም። እኔ ኢንቨርተሩን ብቻ በማስወገድ የቀኑን ወጪ ከ760 ወደ 400 አወረድኩት።

ሁለተኛ፦ ባትሪውን ለሁለት ቀን ምረጡ

ሰማይ የሚደመንበት ቀን ስለማይጠፋ ባትሪው የሁለት ቀን ወጪ ይያዝ፤ 400 በ2፣ 800 ዋት-ሰዓት።

ጄልም ሆነ ሌላ የሊድ አሲድ ባትሪ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ 800ን ለማውጣት 1,600 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ በ12 ሲካፈል 133፣ ገበያ ላይ ባለ 150 አምፒር-ሰዓት ማለት ነው። ሊትየም አይረን ፎስፌት ግን እስከ 80 በመቶ ድረስ ያለ ችግር ይወጣል፤ ባለ 100 አምፒር-ሰዓቱ ይበቃል።

የአይሱዙን ባትሪ አውርዶ ለመብራት ማዋል ደግሞ የተለመደ ስሕተት ነው። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲወጣበት በወራት ውስጥ ይሞታል።

ሦስተኛ፦ ፓኔሉ ባትሪውን መመገብ ይችል

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ትልቅ ባትሪ ይሻላል» እንላለን። ግጦሹ ሳይሰፋ መንጋ ቢጨመር ምን እንደሚሆን ግን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ትልቅ ባትሪ በትንሽ ፓኔል ሲሞላ መቼም ሳይጠግብ ይኖራል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሳይሞላ ሲቆይ ደግሞ በውስጡ ያሉት ሳህኖች ላይ የሚጋገረው ሰልፌት እየጠነከረ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቢሞሉትም አይመለስም።

ሁለት ሒሳብ ሥሩና ትልቁን ያዙ።

የመጀመሪያው የወጪው ነው። 400 ዋት-ሰዓትን በ4 ሰዓት ፀሐይ አካፍሉ፤ ለአቧራ፣ ለሙቀትና ለገመድ የሚባክነውን 30 በመቶ ስታስቡ 143 ዋት ይወጣል። 4 ሰዓት ያልኩት ለጥንቃቄ ነው። የናይሮቢ ሰማይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት በደመና ይሸፈናል፤ የሰሜኑ ቆላ የተሻለ ፀሐይ አለው።

ሁለተኛው የባትሪው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ የአቅሙን 10 በመቶ ያህል አምፒር ይፈልጋል። ለ150 አምፒር-ሰዓት 15 አምፒር ማለት ነው፤ በ14 ቮልት ሲባዛ 210 ዋት። ስለዚህ 143 ዋት ለወጪው ቢበቃም ለባትሪው አይበቃም፤ የሚገዛው ከ210 በላይ ነው። ለሊትየም ይህ ዝቅተኛ ልክ የለም፤ ነገር ግን ባትሪው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ የመሙያ አምፒር አትለፉ።

አራተኛ፦ ኮንትሮለሩ ሁለቱን የሚያስማማ ደላላ ነው

ኮንትሮለር ሁለት ዓይነት ነው። ርካሹ ፒደብልዩኤም ይባላል። ፓኔሉን ከባትሪው ቮልት ጋር ጎትቶ ያስተካክላል፤ ትርፉን ቮልት ወደ አምፒር አይለውጥም። ስለዚህ ለ12 ቮልት ባትሪ 36 ሴል ያለው፣ 18 ቮልት ገደማ የሚሠራ ፓኔል ይፈልጋል። ውዱ ኤምፒፒቲ ይባላል፤ ከፍ ያለውን ቮልት ወደ አምፒር ይመነዝራል።

ልዩነቱን በገንዘብ እዩት። አሁን በብዛት የሚሸጡት ትልልቅ የጣሪያ ፓኔሎች ናቸው። ለምሳሌ ባለ 330 ዋት ፓኔል በ37.5 ቮልት 8.8 አምፒር ይሰጣል። በፒደብልዩኤም ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ብታገናኙት የምታገኙት 8.8 በ13፣ 114 ዋት ገደማ ነው። የቀረውን ከፍላችሁበታል፤ ግን አይደርሳችሁም። በኤምፒፒቲ ግን 24 አምፒር ያህል ወደ ባትሪው ይገባል፤ ባለ 30 አምፒር ኮንትሮለር ይበቃዋል።

ከአምፒሩ ሌላ ኮንትሮለሩ የሚችለውን ከፍተኛ ቮልት እዩ። ከፓኔሉ ጀርባ «ቪኦሲ» ተብሎ የተጻፈው ምንም ሳይጫንበት የሚሰጠው ቮልት ነው። 46 ቮልት የሆኑ ሁለት ፓኔሎች በተከታታይ ሲቀጠሉ 92 ይሆናሉ። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቱ ስለሚጨምር፣ 10 ዲግሪ በሆነ ማለዳ 96 ይደርሳል። ኮንትሮለሩ 100 ከሆነ ጠርዝ ላይ ቆማችኋል። ያን ልክ ያለፈ ቮልት ኮንትሮለሩን ያቃጥላል።

በመጨረሻም ኮንትሮለሩ ላይ የባትሪውን ዓይነት በትክክል ምረጡ። ለውሃ ባትሪ የሚደረገው «ኢኳላይዝ» የሚባል ከፍተኛ ሙሌት ጄልንም ሊትየምንም ይጎዳል።

ለዚህ በረት የሚስማሙ ሁለት ስብስቦች

- ባለ 150 አምፒር-ሰዓት ጄል ባትሪ፣ ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ባለ 150 ዋት 36 ሴል ፓኔሎች፣ ባለ 30 አምፒር ፒደብልዩኤም።
- ባለ 100 አምፒር-ሰዓት ሊትየም፣ አንድ ባለ 330 ዋት ትልቅ ፓኔል፣ ሊትየም የሚቀበል ባለ 30 አምፒር ኤምፒፒቲ።

ከአንዱ ስብስብ ባትሪ፣ ከሌላው ኮንትሮለር መውሰድ ግን ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳል። እኔ አሁን የምጠቀመው ሁለተኛውን ነው።

ስትገጥሙ

- መጀመሪያ ባትሪውን ከኮንትሮለሩ አገናኙ፤ ቀጥሎ ፓኔሉን። ስትፈቱ ፓኔሉን አስቀድሙ።
- ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርጉ።
- ኮንትሮለሩ ከባትሪው ከአንድ ሜትር አይራቅ፤ ረጅሙ ገመድ በፓኔሉ በኩል ይሁን።
- ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፓኔሉን 10 ዲግሪ ያህል ብቻ አዝምሙት፤ ዝናብ እንዲያጥበው ይረዳል። መንጋው የሚያስነሣውን አቧራ በየሳምንቱ ጥረጉ፤ ፍየል በማይወጣበት ከፍታም ስቀሉት።
- አሮጌና አዲስ ባትሪ አታያይዙ።

በኬንያ ከ2012 እ.ኤ.አ. ደንብ ጀምሮ የሶላር ሻጭም ሆነ ገጣሚ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ፈቃዱን አሁን የሚሰጠው የኢነርጂና ፔትሮሊየም ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱን ጠይቁ፤ ደረሰኝና ዋስትናም በጽሑፍ ያዙ።

ለጠባቂዎቻችሁ ደግሞ አንድ ርካሽ ቮልት መለኪያ ግዙላቸው። ማለዳ ፀሐይ ሳትወጣ፣ አምፖሎቹ ከጠፉ በኋላ ጄል ባትሪውን ይለኩ። 12.7 ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ነው። ሁለት ተከታታይ ቀን ከ12.2 በታች ካሳየ በዚያው ቀን አንዱን አምፖል አጥፉ፤ ስልኮቹን ግን ሙሉ። የሊትየም ቮልት እስከሚያልቅ ድረስ ብዙም ስለማይወርድ በዚህ አይታወቅም፤ የአምፒር-ሰዓት ቆጣሪ ያለውን ምረጡ።

በሬ ስንገዛ ጥርሱን ሳናይ ዋጋ አንጠራም። የፓኔልም ጥርሱ ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ገልብጣችሁ አንብቡት።